የጆንያው ጀርባ

ሳንቲያጎ የገባሁት በሐምሌ ነው። የቺሊ ሐምሌ እንደኛው ክረምት ነው። እኛ ጋ ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ጋቢ ተከናንቦ መተኛት ደስ ይላል። እዚያ በነበርኩበት ሳምንት ጠብ ያለ ዝናብ የለም፤ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል። ያረፍኩበት ቤት ማሞቂያው ጋዝ ጨርሶ ነበር። ጃኬቴን እንደለበስኩ፣ ካልሲ በካልሲ ደርቤ አደርኩ።

ከኤርፖርት ያመጣኝ ባለታክሲ 45 ሺሕ ፔሶ ተቀብሎኛል። አከራዬ ስትሰማ ሳቀች፤ ግማሹ ይበቃው ነበር አለችኝ። ቦሌ ላይ እንግዳ የሚልጡ ባለታክሲዎች ላይ ስስቅ ኖሬ፣ የእጄን አገኘሁ።

የሄድኩት ለስብሰባ ነው። ስለ ስብሰባው የምለው የለኝም።

ሰኞ ነፃ ስለነበርኩ የመታሰቢያና የሰብአዊ መብቶች ሙዚየሙን ልይ ብዬ በሜትሮ ሄጄ ኪንታ ኖርማል ወረድኩ። ዝግ። ሰኞ ሰኞ አይከፍትም፤ አስቀድሞ ማጣራት የኔ ፈንታ ነበር። በማግስቱ ከስብሰባው ሹልክ ብዬ ተመለስኩ። መግቢያው በነፃ ነው።

ሙዚየሙ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሙዚየማችንም በዚያው ዓመት ነው የተከፈተው። የሟቾች ፎቶ የሞላው ግድግዳ እዚያም አለ። እሱን ከአገሬ ለምጄዋለሁ። እግሬን የያዘኝ ጨርቅ ነው።

አርፒዬራ ይሉታል። በስፓኒሽ ጆንያ ማለት ነው፤ ያው የምናውቀው ጆንያ። እ.ኤ.አ. በ1973 ጄኔራል ፒኖቼት በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ባልና ልጅ የተወሰደባቸው ሴቶች ተሰበሰቡ። የደረሰባቸውን በቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ላይ መስፋት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችው የሰብአዊ መብት ቢሮ፣ ቪካሪያ ዴ ላ ሶሊዳሪዳድ፣ ሥራቸውን እየገዛ ወደ ውጭ ይልክላቸው ነበር። ለቤታቸው የዳቦ መግዣ ሆናቸው፤ ወሬውም ባሕር ተሻገረ።

አንዱ ፊት ብዙ ቆምኩ። ከላይ የአንዲስ ተራሮችና ፀሐይ። ከታች አውራ ጣት የሚያካክሉ የጨርቅ ሴቶች፣ ፀጉራቸው ክር። በጥልፍ የተጻፈ ጥያቄ ይዘዋል፦ «የት ናቸው?» ከሩቅ ላየው የሕፃን ክፍል ማስዋቢያ ነው የሚመስለው። ብልሃቱ ያ ይመስለኛል። ወታደር በራሪ ወረቀት ሲያይ ይደነግጣል፤ የሴት ጥልፍን ግን፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ፣ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል?

አንዳንዶቹ ለአሻንጉሊቶቹ የጠፋውን ሰው ልብስ ቆርጠው አልብሰዋል።

እዚህ ጋ እቴቴ ትዝ አለችኝ። አክስቴ ናት። የበኩር ልጇ በ1970 ዓ.ም. ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ያኔ ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበር። ሸሚዙ እስከ ዛሬ ሳጥኗ ውስጥ ተጣጥፎ አለ። መቀስ ማስነካት? አይታሰብም። ሳጥኑን ስትከፍት እንኳ አጠገቧ ሰው አታስቆምም።

ረቡዕ ከሰዓት አርፒዬራ የሚሸጡ ሴትዮ ገበያ ውስጥ አገኘሁ። ሰባውን ያለፉ ይመስላሉ። የኔ ስፓኒሽ ከ«ኦላ» አያልፍም፤ በስልኬ እያስተረጎምን ተግባባን። ከየት ነህ አሉኝ። ከኢትዮጵያ አልኳቸው፤ ከዚያ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ስለ እቴቴ ልጅ ነገርኳቸው። ስልኩ ምን ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም። ብቻ እጄን ያዙኝ፤ ቶሎም አለቀቁኝም። የራሳቸውን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። 25 ሺሕ ፔሶ ያሉኝን ጨርቅ ሳልከራከር በ20 ሰጡኝ። መርካቶ ላደገ ሰው ይሄ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው።

ከመጠቅለላቸው በፊት ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ። ትንሽ ኪስ ተሰፍታበታለች። ድሮ ሰፊዋ የፊቱን ታሪክ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋ እዚያ ትከት ነበር አሉኝ። የሚያገኘው ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ነው።

አዲስ አበባ ስገባ ለእቴቴ አሳየኋት። ያመጣሁት ለራሴ ሳሎን ነበር። ፊቱን ገረፍ አደረገችውና ገለበጠችው። ጥልፍ የሚያውቅ ሰው የሚያየው ጀርባውን ነው።

«ስፌቱ ዝርክርክ ያለ ነው» አለች። ቀጥላ ጣቷን ኪሱ ውስጥ ሰደደች። «ባዶ ነው። ምን ይከተትበታል?»

ነገርኳት። ወረቀት ስጠኝ አላለችም። ጨርቁን ግን አልመለሰችልኝም።