በናስ ላይ የጠፋ ስም

ዛሬ ከሥራ እንደወጣሁ ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ወደ ፖስታ ቤት ወረድሁና፣ በቸርችል ጎዳና ዳር ካሉት የጥንት ዕቃ መሸጫዎች ወደ አንዱ ገባሁ። ባለቤቱ፣ ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው አዛውንት፣ “አንተ የምትወደው ዓይነት ሽጉጥ መጥቶልኛል” ብለው ከደወሉልኝ ሦስት ቀን ሆኖታል። ከመስቀሎቹና ከቀንድ ዋንጫዎቹ ጀርባ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፉት የተሰማው ድምፅ ክብደቱን ነገረኝ። የመኳንንት ጌጥ አይደለም፤ ፈረሰኛ ወታደር ይዞት የሚዘምት፣ አንዱን ጥይት ከተኮሰ በኋላ እንደ ዱላ የሚያገለግል፣ በአፈሙዙ የሚጎርስ ሽጉጥ ነው።

ከማድነቄ በፊት ሁልጊዜ የማደርገውን አደረግሁ። አፈሙዙን ከሰው አዙሬ ቀጭን የእንጨት ዘንግ አስገባሁና፣ ዘንጉ የገባውን ያህል በውጭ በኩል ከበርሜሉ ርዝመት ጋር አስተያየሁት፤ ዘንጉ መጨረሻው ሳይደርስ ከቆመ፣ አያቶቻችን ጠቅጥቀውት የቀረ ባሩድና አረር ውስጡ ሊኖር ይችላልና። ባዶ ነበር። ከዚያም የእጅ ባትሪዬን ወደ ጎን አዘንብዬ ብርሃኑን በብረቱ ላይ ሳሳልፍ፣ በጎኑ ባለው ዝርግ ብረት ላይ በሌላ ብረት የተደፈኑ ቀዳዳዎች ብቅ አሉ። ይህ ሽጉጥ ሲወለድ ባለ ባልጩት፣ ድንጋዩ ብረት መትቶ በሚያወጣው ብልጭታ የሚተኩስ ነበር ማለት ነው፤ የባልጩቱን ባሩድ መያዣ ነቅለው፣ ቀዳዳውን ደፍነው፣ በካፕሱል፣ ማለትም ሲመቷት በምትፈነዳ ትንሽ ቆብ፣ እንዲተኩስ ለውጠውታል። በርሜሉ ላይ ደግሞ በእንቁላል ቅርጽ መስመር የተከበቡ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉ። በርሜሉ ተፈትኖ ማለፉን የሚመሰክር የቤልጅጉ የሊዬዥ ከተማ ማኅተም ነው። በማኅተሙ አናት ላይ ዘውድ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1893 ስለሆነ፣ ዘውድ የሌለው ይህ ማኅተም ከዚያ ዓመት በፊት የተመታ ነው።

የካፕሱል ሽጉጦችን ከሌላው መሣሪያ ሁሉ አብልጬ የምወድበትን ምክንያት ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1807 አሌክሳንደር ፎርሳይት የተባለ የስኮትላንድ ቄስ፣ አዕዋፍ ሲያድን የባልጩቱ ብልጭታ ቀድሞ እያስደነበረ ስላስቸገረው፣ በምት ብቻ የሚፈነዳ ቅመም ጠመንጃን እንዲተኩስ የሚያደርግ ብልሃት በስሙ አስመዘገበ። ቆይቶ ቅመሙ ከጣት ጥፍር ባነሰች የመዳብ ቆብ ውስጥ ገባ፤ ወታደሩ ቆቧን ከበርሜሉ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ ጫፍ ላይ ይደፋታል፣ ቃታው ሲሳብ መዶሻው ወርዶ ይመታታል፣ እሳቱም በቀዳዳዋ ሾልኮ ባሩዱን ያገኘዋል። ዝናብና ነፋስ እንደ ቀድሞው አያስቸግሩትም። ይሁን እንጂ የአውሮፓ ሠራዊቶች ይህን ብልሃት ተቀብለው ገና ጥቂት አሥርት ዓመታት ሳይቆዩ ከኋላ የሚጎርሱት መሣሪያዎች መጡና ገፉት። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ የወጣው የእንግሊዝ ጦር ዋና መሣሪያ ከኋላ የሚጎርሰው፣ እኛ ስናድር የምንለው ጠመንጃ ነበር፤ በአፈሙዝ የሚጎርሰው ያን ጊዜ ዘመኑ እያለፈበት ነበር። ዕድሜው አጭር፣ ያለፈባቸው እጆች ግን ብዙ የሆኑ ነገር ልብን ይይዛል።

ሆኖም ወደዚህ ነገር ያስገባኝ ፍቅር ሳይሆን ጥፋት ነው። የእናቴ አባት ሲያርፉ፣ ከእሳቸውም በፊት የነበሩት የያዙት አንድ ሽጉጥ ለእኔ ደረሰኝ። የዛገና የጠቆረ ስለነበረ ክብር የሰጠሁት መስሎኝ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት፣ ናሱን በአመድና በሎሚ ሁለት ቀን ሙሉ ፈተግሁት። እንደ አዲስ አበራ። ለእናቴ ታላቅ እህት ባሳየኋቸው ጊዜ ተቀብለው በእጃቸው አገላበጡት፤ አውራ ጣታቸው በሰደፉ ጫፍ ባለው ናስ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ቆየና፣ “ስማቸውንስ የት አደረግኸው?” አሉኝ።

“የማንን ስም፣ እትዬ?”

“የመጀመሪያው ባለቤት በወስፌ የጫሩት ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ በጣቴ ግን አውቀዋለሁ።”

ከቤተሰቡ ያነበበው አንድም ሰው በሕይወት የለም። እኔም ጠርጌው ስጨርስ የጠረግሁት ዝገት ነው ብዬ አመዱን በእጄ ከጠረጴዛው ላይ አራገፍሁት።

ከዚያ ወዲህ በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ሥር ባለፍሁ ቁጥር ዓፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን የሠዉበትን ሽጉጥ አስባለሁ። የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ እንደሆነ የታወቀው በላዩ ተቀርጾ በነበረው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉም ንጉሠ ነገሥቱ ለእንግሊዙ ቆንስል ለፕላውዴን ስላደረጉት ደግነት የተሰጠ የምስጋና ምልክት መሆኑን ይናገራል። አንድ ሰው ያንን ሰሌዳ እንደ እኔ ላብራው ብሎ ፈትጎት ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሽጉጥ ከአንድ ሺህ ሽጉጦች እንደ አንዱ በሆነ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ጋሼ፣ “እስክትወስነው ድረስ ወልወል አድርጌ ላቆይልህ?” ሲሉኝ እጃቸውን ይዤ ለመንኋቸው። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅና ጠብታ ዘይት ብቻ፤ ናሱን ደግሞ ጭራሽ እንዳይነኩብኝ። ዋጋው ለዚህ ወር ከአቅሜ በላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅም ስላለ፣ አሮጌ ነው ብዬ የፈቃዱን ጉዳይ ሳላጣራ ወደ ቤቴ የማስገባው ነገር የለም። ለዚህም ነው ስብስቤ በአብዛኛው ደብተር የሆነው፤ እንድይዘው የተፈቀደልኝን እያንዳንዱን ሽጉጥ ለክቼ፣ ሥዬ፣ ማኅተሙንና ጭረቱን አስፍሬ አስቀምጣለሁ።

በጋሼ ሽጉጥ ናስ ላይ ስስ ወረቀት ዘርግቼ በእርሳስ ጎን ቀስ እያልሁ ሳሽ፣ በመጀመሪያ ትንሽ መስቀል ወጣ፤ ቀጥሎ “ገ” እና “ብ”፤ ሦስተኛው “ረ” ይመስላል፣ ግን አልምልም። የቀረው በላብና በዘመን ተበልቷል። የገብረ ማን እንደሆነ፣ ከየት አገር እንደሆነ የሚናገር ሌላ ምልክትም ሆነ ጭረት አላገኘሁም።

ማታ ወረቀቱን ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድሁ። መነጽራቸውን አልፈለጉም። እንደ ልማዳቸው አውራ ጣታቸውን በእርሳሱ ጥላ ላይ አሳለፉ፣ ደግመው አሳለፉ፣ ከዚያም ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝ።

“ወረቀት ምኑ ይዳሰሳል፤ ብረቱን አምጣልኝ” አሉ።