እጅሽን ዘርጊ
እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ስለት አለብኝ። ቀኝ እጄን አንስቼ ግንባሬ ላይ እንደ ድሮዬ ካማተብኩ የተደረገልኝን ሳልደብቅ እናገራለሁ ብዬ ለጻድቁ ለአቡነ ዘርዓ ቡሩክ ተስዬ ነበር። ይኸው አማተብኩ። ስለዚህ ልናገር።

እኔ የቡሬ ሰው ነኝ። ቡሬን የሚያውቅ በርበሬዋን ያውቃል። ልጆቼን ያሳደግኩትም በርበሬ ቀንጥሼ፣ ደልዤ፣ አዘጋጅቼ እየሸጥኩ ነው። የትከሻዬ ሕመም የጀመረኝ በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው፤ ያኔ 51 ዓመቴ ነበር። አልወደቅኩም፣ አልተመታሁም። አንድ ቀን እንጀራ ስጋግር አክንባሎውን ሳነሳ ቀኝ ትከሻዬን ወጋ አደረገኝ። ብርድ ነው አልኩ። ቅቤ አስነክቼ አሸሁት። ታኅሣሥ ሲገባ በቀኝ ጎኔ መተኛት አቃተኝ። ጥር ላይ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ማደር ጀመርኩ፣ ቀን ቀን ሰው ስለማይ ሥራም ስለሚያዘናጋኝ እችለዋለሁ፣ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ግን ትከሻዬና እኔ ብቻ እንቀራለን።

ከዚያ ሕመሙ ትንሽ ቀነሰ። ተሻለኝ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ እጄ እየተቆለፈ ነበር። ፀጉሬን ማበጠር አቃተኝ። ቀሚሴን ልጄ ናት የምታወልቅልኝ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነጠላዬን መስቀለኛ ማጣፋት አልችልም፣ እሷው ታጣፋልኛለች። ሌላውን አልዘረዝረውም፣ ሴት የሆነች ይገባታል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ማማተቡ ነው። እጄ ግንባሬ ላይ አልደርስ ሲለኝ ግንባሬን ወደ እጄ ዝቅ አደርግ ነበር። በግራ እንዳማትብ ልቤ እሺ አላለኝም።

ያልሄድኩበት የለም። አንድ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ፣ ወልቋል ብሎ ጎተተኝ። ጩኸቴ ሰፈሩን አነቃው። ከዚያ ቀን ወዲህ ባሰብኝ። ስንቱን ስብራት የጠገኑ ወጌሾች አውቃለሁ፣ እነሱን ለመንቀፍ አይደለም፤ የእኔ ግን ውልቃት አልነበረም። ቀጥሎ ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ እየገዛሁ ለወራት ዋጥኩ። የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፣ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። እንዲህ ያለ ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ኩላሊት ሊጎዳ እንደሚችል፣ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ እንዳለበት ያወቅኩት በኋላ ነው። አንድ ክሊኒክ ራጅ አነሱኝና አጥንትሽ ሰላም ነው፣ አሳርፊው አሉኝ። እኔም አሳረፍኩት! አንድ ወር ተኩል በሻሽ አንገቴ ላይ አሰርኩት። ጎረቤቱም ሁሉ አትነካኪው ይለኛል። ከሁሉ የጎዳኝ ያ ማሰር ነው።

የዚያ ዓመት ሕማማት መጣ። ሰው ሲሰግድ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ አለቀስኩ። መሬት ላይ እጅ ሳያሳርፉ እንዴት ይሰገዳል?

ግንቦት ላይ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ጸበል ገባሁ። ቦታውን ለማታውቁት፣ ዓባይ የሚፈልቅበት ነው። አቡነ ዘርዓ ቡሩክ 7 መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ሳይርሱ እንደተቀበሉ ገድላቸው ይናገራል። ጠዋት ጠዋት ውኃው አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። እኔም እዚያው ቆሜ፣ ጻድቁ ሆይ፣ ውኃው መጽሐፍዎን እንደመለሰልዎ የእኔንም እጅ ያስመልሱልኝ፣ አልኩ። ስለቴንም ያኔ ተሳልኩ።

በሦስተኛው ቀን ነጠላዬን ለማጣፋት ስታገል አንዲት ከባሕር ዳር የመጣች ሴት አየችኝ። መጥታ አጣፋችልኝ። እጅሽ ምን ሆኖ ነው አለችኝ። ነገርኳት። የእሷም እህት እንዲሁ ሆና እንደነበር፣ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ የሚባል፣ በእንቅስቃሴ የሚያክሙበት ክፍል እየተመላለሰች እንደዳነች አጫወተችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተቀየምኳት። እኔ ጸበል መጥቼ፣ ሰባቱን ቀን እንኳ ሳልጨርስ፣ ይቺ ሴት ወደ ሆስፒታል ትልከኛለች? እምነት ማጉደል መሰለኝ። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አድሬ ጠዋት ለሚያጠምቁን አባት ተናገርኩ።

እሳቸውም፣ “ወለተ ማርያም፣ ቀኝ እጁ የሰለለችውን ሰው ጌታ ምን አለው?” አሉኝ።

“እጅህን ዘርጋ አለው፣ አባ።”

“ማን ዘረጋት?”

ዝም አልኩ።

“ሰውየው ነው የዘረጋት። ሲዘረጋት ዳነች። ሱባኤሽን ጨርሺ፣ ጸበልሽን ጠጪ፣ ከዚያ ሂጂና እጅሽን ዘርጊ። ያቺን ሴትዮ ማን የላካት ይመስልሻል?”

ሰኔ ላይ በእንጅባራ፣ በዳንግላ አድርጌ ባሕር ዳር ገባሁ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ወጣት ልጅ ነው፣ ከልጄ ብዙም አይበልጥም። ገና ስቀመጥ፣ “እናቴ፣ ስኳር አለብዎት?” አለኝ። ደነገጥኩ። ትከሻና ስኳር ምን አገናኘው? ለካ ይገናኛል። ይህ ትከሻ የሚያደርቅ ሕመም ከ100 ሰው ከ2 እስከ 5 የሚሆነውን ይይዛል ይባላል፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ግን ከዚያ በብዙ ይበዛል። በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ዓመት ያለውን ሰው ነው የሚይዘው፣ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። እኔ ሦስቱንም አሟልቼ ነበር።

“ክርንዎን ጎንዎ ላይ ያጣብቁና ክንድዎን ወደ ውጭ ይክፈቱ” አለኝ። ግራው እንደ በር ተከፈተ። ቀኙ ንቅንቅ አላለም። እሱ ራሱ ይዞ ቀስ ብሎ ሊገፋው ሞከረ፣ አሁንም እምቢ። “ጅማትዎ ተበጥሶ ቢሆን ኖሮ እርስዎ ማንሳት ቢያቅትዎ እንኳ እኔ ሳነሳው ይነሳልኝ ነበር። ይኼ ለእኔም አልነሳ ብሏል። ራጁም ደህና ነው። ትከሻዎ ደርቋል” አለኝ። እነሱ ፍሮዝን ሾልደር ይሉታል።

እንዴት እንዳስረዳኝ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እንደዚያ ባይገባኝ ኖሮ ያን ሁሉ ወር ባልታገስኩ። የክንዳችን አጥንት ጫፉ ክብ ነው። የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ግን ትንሽዬ ነው፣ ሎሚ የሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንደማስቀመጥ። ለዚህ ነው እጃችን ወደ ፈለግንበት ሁሉ የሚዞረው። እንዳይወልቅ ደግሞ አራት ጡንቻዎች በጅማታቸው ዙሪያውን ያቅፉታል፣ ከእነሱ ሥር መጋጠሚያውን የሚሸፍን እንደ ስልቻ ያለ ነገር አለ። የእኔ ሕመም እዚያ ስልቻ ላይ ነው። መጀመሪያ ይቆጣል፣ ሌሊት የሚያስጮኸው ያኔ ነው። ቀጥሎ ይወፍርና ይኮማተራል። “ስልቻ ሳይነካ ቢቀመጥ ምን ይሆናል እናቴ?” አለኝ። ይደርቃል አልኩት። “ሲደርቅስ ምን ይደረጋል?” ይለፋል። “በአንዴ ቢጎትቱትስ?” ይቀደዳል።

ወጌሻው ለምን እንዳባሰብኝ፣ ሻሹም ለምን እንደጎዳኝ በአንድ ጊዜ ገባኝ። መጎተትም ጥፋት፣ ማሰርም ጥፋት። ማልፋት ነው ያለው። የጎጃም ሴት ቆዳ ማልፋት ምን እንደሆነ አታጣውም።

ሐኪሙም አይቶኝ መጋጠሚያው ላይ አንድ መርፌ ወጋኝ፣ ስኳርሽ ለጥቂት ቀን ከፍ ይላል ብሎ አስጠነቀቀኝ። እንዳለውም ከፍ አለ፣ እየለካሁ ጠበቅኩት፣ ወረደ። ሕመሙን አበረደልኝ። እጁን የመለሰው ግን እንቅስቃሴው ነው።

የምሠራው ይህን ነበር። መጀመሪያ በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ 10 ደቂቃ ያህል አደርግበታለሁ። ከዚያ በግራ እጄ ጠረጴዛ ተደግፌ ጎንበስ እላለሁ፣ ቀኝ እጄ ተንጠልጥሎ እንደ ካህን ጽና ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ከዚያ በክቡ። እጄ ራሱ ምንም ሥራ የለውም፣ የሚያወዛውዘው ሰውነቴ ነው። ሁለተኛው ግድግዳ ነው። ጣቶቼን ግድግዳው ላይ እንደ ሸረሪት ወደ ላይ አስኬዳለሁ፣ ከማልችልበት ስደርስ እዚያው እቆያለሁ። 30 ሰከንድ ቆዪ ተብያለሁ፣ ሰዓት ማየት ስለሚያሰለቸኝ አንድ አባታችን ሆይ ቀስ ብዬ እደግማለሁ፣ ልኩ ነው። ሦስተኛው ጀርባዬ ላይ ተኝቼ፣ ክርኔን ጎኔ ላይ አጣብቄ፣ ዱላ በሁለት እጄ ይዤ በግራው የታመመውን ክንድ ወደ ውጭ መግፋት። ዱላው የሟች አባቴ መቋሚያ ነው። ይፈቀድልኛል ወይ ብዬ የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ፣ አባትሽ ደስ ይላቸዋል አሉኝ። አራተኛውን ባለሙያው ያስጀመረኝ ዘግይቶ ነው፣ መቀነት በጀርባዬ አዙሬ፣ በግራ እጄ ከላይ እየሳብኩ ቀኙን ወደ ላይ ማስወጣት። እሱ ሲኦል ነበር። ይቅር በለኝ ጌታ ሆይ፣ ግን ነበር።

በቀን ሦስት ጊዜ ነው፤ ጠዋት፣ ቀን ስድስት ሰዓት፣ ሠርክ። ከጸሎቴ ጋር አንድ አደረግኩት። ልኩንም ባለሙያው ነገረኝ። ስትዘረጊው ሲወጠርና ትንሽ ሲያምሽ ደህና ነው፣ ሌሊቱን ሲጠዘጥዝሽ ካደረ ግን አብዝተሻል፣ በማግስቱ ቀንሺ። ስተኛ ክንዴ ሥር ትራስ አደርጋለሁ፣ በቀኜም አልተኛም። በሳምንት አንዴ እየሄድኩ ያየኛል፣ በኋላ በወር አንዴ።

ቶሎ የዳንኩ እንዳይመስላችሁ። በመጀመሪያው ወር ምንም አላየሁም። ልጄ ግን ጣቴ የደረሰበትን ግድግዳው ላይ በከሰል ታሰምርልኝ ነበር። መጀመሪያ ደረቴ ትክክል። ሐምሌ ላይ አገጬ ጋ። ነሐሴን ሙሉ ንቅንቅ አላለም፣ ያኔ በጣም ተስፋ ቆረጥኩ፣ ከሰሉን ወርውሬ አልሠራም ብዬ ሁለት ቀን ተኛሁ። በፍልሰታ መጨረሻ እያለቀስኩ እመቤታችንን ስለምን፣ እጄን ዘርጊልኝ አልልም፣ ነገ ተነስቼ እንድሠራ አቅም ስጪኝ ነው ያልኳት። በማግስቱ ተነሳሁ። የተመለሰልኝ ጸሎት ይህ ነው ብዬ እመሰክራለሁ። እጁ በአንድ ቀን አልተፈታም፣ በእያንዳንዱ ጠዋት ግን እንድነሳ ተደረግኩ፣ እኔ እንደሆንኩ ያን ያህል ብርቱ ሰው አይደለሁም።

መስከረም ላይ ግንባሬ ጋ ደረሰ። መስቀል በዓል ነበር። ችቦው ሲለኮስ ቆሜ አማተብኩ፣ አንገቴን ሳላጎነብስ። ልጄ አየችኝና እሪ አለች፣ ሰው ሁሉ ምን ሆኑ ብሎ ዞረ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። የትከሻ ሕመም ሁሉ የእኔ ዓይነት አይደለም። የግራ ትከሻና ክንድ ከደረት መጨነቅ፣ ከላብ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ካመማችሁ የልብ ሊሆን ይችላል፣ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ሩጡ። ቅባት ያለው ምግብ በልታችሁ ቀኝ ትከሻችሁን የሚያማችሁ ከሐሞት ሊሆን ይችላል። ወድቃችሁ ከሆነ፣ ወይም ትከሻው አብጦ ትኩሳት ካለው፣ እኔ የጻፍኩትን እንቅስቃሴ እንዳትጀምሩ። መጀመሪያ ይታይ። በትከሻ የምትሰቃይ ጎረቤት ካለቻችሁ ደግሞ ስኳሯን ተለክታ እንደሆነ ጠይቋት፣ እባካችሁ።

አሁንም በጀርባ የማዞረው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ መቀነቴን ከኋላ ስቋጥር ትንሽ ይይዘኛል። ይህ ሕመም ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊቆይ እንደሚችል ተነግሮኛል፣ አልቸኩልም። በ2014 ዓ.ም. ስቅለት ግን ነጠላዬን ራሴ አጣፍቼ ሄድኩ። ኪራላይሶን እያልን ከሰው ጋር ሰገድኩ፣ ሁለቱም መዳፌ መሬት ነካ።

በማግስቱ ልጆቼ ለፋሲካ ቤቱን ቀለም ሊቀቡ ተነሱ። ያቺን ግድግዳ ተዉልኝ አልኳቸው። የመጨረሻዋ የከሰል መስመር ከበሩ መቃን በላይ ናት፣ ልጄ ወንበር ላይ ወጥታ ነው ያሰመረቻት።