ሐሙስ በሂርማታ

ጅማ የወረድኩት ሱቅ ለማየት ነው። አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ፣ አንድ ሞል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጫማ እሸጣለሁ። ሱቄ ጥግ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ሲበላሽ ደግሞ ደንበኛ የሚባል ነገር አይወጣም። የእህቴ ባል «ጅማ አዲስ ሕንፃ አልቋል፣ ኪራዩ የአዲስ አበባን ግማሽ ነው» ቢለኝ ረቡዕ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ስለ መንገዱ የምለው የለኝም። እስከ ወልቂጤ ተኛሁ፣ ጊቤ በረሃ ላይ ሙቀቱ ቀሰቀሰኝ፣ ከዚያ ወዲያ አረንጓዴ ብቻ ነው።

ስለ አልጋው ግን እላለሁ። 800 ብር ተቀብለው «ሙቅ ውሃ አለን» ያሉኝ ሰዎች ቀዝቃዛውም አልነበራቸውም፤ በጀሪካን አመጡልኝ። የጎረቤቴ ክፍል እንግዳ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት በስልክ ተጨቃጨቀ፤ እሱ ዝም ሲል ዝናቡ ቆርቆሮውን ይዞ ተነሣ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን አውጥቼ የሞልን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ስንት ዓመት ኪራይ ስከፍልለት የኖርኩትን ነገር ማን እንደፈጠረው አላውቅም ነበርና።

ቪክቶር ግሩን የሚባል የቪየና ሰው ነው። ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ወደ አሜሪካ ሸሸ። በ1956 ከሚኒያፖሊስ ዳር ባለችው ኢዳይና ሳውዝዴል የተባለውን የገበያ ማዕከል ሠራ። የሚኒሶታ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ስለዚህ ሰውየው ገበያውን በሙሉ ጣሪያ ሥር አስገብቶ ክረምት ከበጋ አየሩን አንድ አደረገው። 72 ሱቆች ነበሩት፤ ከ5,000 በላይ መኪናም ያቆማል። እኔን የነካኝ ግን ዘዴው ነው፦ ሁለት ተፎካካሪ ትልልቅ መደብሮች በአንድ ሕንፃ አስገባና ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ በትንንሾቹ ሱቆች ደጃፍ እንዲያልፍ አደረገ። እኛ ሞል ያለው ባንክ ነው፣ እሱም ምድር ላይ። ሰው ብሩን ያወጣል፣ ይሄዳል።

ግሩን በዙሪያው መኖሪያ ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ትምህርት ቤትና መናፈሻም እንዲሠራ ነበር ያሰበው፤ ከተማ አልባውን የከተማ ዳርቻ አደባባይ ሊሰጠው። ዙሪያውን የከበበው ግን የመኪና ማቆሚያ ሆነ። በስተርጅናው «የሞል አባት» ሲሉት አባትነቱን በአደባባይ ካደ።

ጠዋት ደላላው ሕንፃውን አሳየኝ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው ጀርባ፣ የስድስት ወር ቅድሚያ። «እዚህ ነገ ሞል ነው የሚሆነው» አለኝ። ሰዉ የታል ስለው በእጁ ወደ ታች ጠቆመኝ፦ «ዛሬማ ሐሙስ አይደል፣ ሁሉም ገበያ ነው።»

ወረድኩ። መግቢያው ላይ ቡና ልጠጣ ተቀመጥኩና አጠገቤ ከተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጋር ወሬ ጀመርን። ሱቅ ፍለጋ መምጣቴን ስነግራቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ይቺ ከተማ ራሷ ገበያ ነበረች እኮ። ንጉሡ ላይ ጂረን፣ ገበያው እዚህ ሂርማታ።»

እውነታቸውን ነው። የጅማ ነገሥታት መቀመጫ ጂረን ነው፤ ከተራራው ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከመሐል ከተማው ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሂርማታ ከታች፣ ሸዋን ከከፋ በሚያገናኘው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ላይ፣ በየሐሙሱ የሚቆም ገበያ ነበር። ቡናው፣ ዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ አሞሌ ጨውና ጠገራ ብሩ እዚህ ይገናኙ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብሮ፣ ግዛቱን ከጦርነት አትርፎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ሲገዛ ገበያውም አብሮት ሰነበተ። በ1930ዎቹ ጣሊያን ሲመጣ የዛሬውን ከተማ የዘረጋው ታች፣ አዌቱ ወንዝ ዳር ነው። ዛሬ ቤተ መንግሥቱ የገበያው ዳርቻ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንኳ፣ በበጋ በደህና ቀን፣ እስከ 30,000 ሰው ገበያው ይወጣ ነበር ይባላል። ጣሪያ የለ፣ አሳንሰር የለ።

ገበያው ውስጥ ሦስት ሰዓት ዞርኩ። ጫማዬ ጭቃ ጠጣ፤ የጫማ ነጋዴ ሆኜ ለጭቃ የሚሆን ጫማ አለማድረጌ አናደደኝ። ቅቤና ማር ፈልጎ የመጣ ሰው በላስቲክ ጫማ፣ በሳሙናና በባትሪ መሐል ነው የሚያልፈው። የግሩን ዘዴ እዚህ ማንም ሳያስተምረው አለ። እኛ ሞል ያለ ጥበቃ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው ሲያይ «ምን ፈልገህ ነው?» ይላል።

ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ወደድኩ። 1,500 አለኝ፣ በ900 ተስማማን፣ በኩራት ተሸክሜ ስሄድ ሃምሳ ሜትር ሳልርቅ ያንኑ በ600 አየሁ። ፊቴን ያዩ አንዲት ማር ሻጭ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። አማርኛቸው ትንሽ ነው፣ የእኔ ኦሮምኛ ከዚያም ያንሳል። በቅጠል ማር ቆርሰው ሰጡኝ። «ስንት ነው እናቴ?» ብላቸው እጃቸውን አወናጨፉብኝ፣ በርጩማውን እያዩ። የተበላሁትን መካሳቸው መሆኑ ነው። ግማሽ ኪሎ ገዛሁ፤ ካልገዛሁማ አይሆንም ነበር።

ጂረን ለመውጣት የጠራሁት ባጃጅ የጠየቀኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፣ ከፍያለሁና። የእንጨቱ ሰገነት ላይ ቆሜ ከተማውን ሳየው ከደመና በታች ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው።

ለደላላው ማታ ደውዬ ይቅር አልኩት። ሲዘጋብኝ ቻው እንኳ አላለም።

አሁን በርጩማውን ሱቄ በር ላይ አስቀምጬዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰዎች ቆመው ዋጋ ጠየቁኝ፤ የበርጩማውን።