የሚስተር ቢን እህት ጅዳ ናት

ጉሙ ሰሞኑን ከጦሳ ወርዶ ከተማው ላይ ተኝቷል። ደሴ እንዲህ ስትሆን ከቤት የሚወጣው ወይ ሥራ ያለበት ነው ወይ ዕዳ ያለበት፤ እኔ ሁለቱም እያሉብኝ አልወጣሁም። ጋቢ ደርቤ፣ ስልኬን ትራስ ላይ አስደግፌ፣ ሊያልቅ የደረሰውን የኢንተርኔት ጥቅል ሚስተር ቢን ላይ እየጨረስኩት ነው። ለምን ሚስተር ቢን? እንጃ። ሰው ማናገር ያስጠላኝ ሰሞን ነው፤ እሱም አያናግርም።

ሥራ ፈታች እንዳልባል ደብተር ይዣለሁ። ክፍሎቹን ከመጀመሪያው ጀምሬ እያየሁ ለእያንዳንዱ ከ10 ማርክ ልሰጥ ነው። ብዙም አይደሉ፤ ከ1990 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሁሉ ቢደመር ከ15 ክፍል አይበልጥም። ፊልሞቹንና ካርቱኑን አልቆጥርም። ካርቱኑን የሚቆጥር ካለ ወዳጅነታችንን እንደገና እናየዋለን።

የመጀመሪያው ክፍል 9 አግኝቷል። እንግሊዝ አገር የታየው በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1982 ነው። ያኔ እኛ ዘንድ ወሬው ሁሉ የጦር ሜዳ ወሬ ነበር፤ እነሱ ግን አንድ ሰውዬ ፈተና ክፍል ተቀምጦ ሲጨነቅ እያዩ ይስቃሉ። ብዕሩን ደርድሮ፣ አሻንጉሊቱን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ፣ የጎረቤቱን ወረቀት ለማየት አንገቱን ሲያስረዝም ይቆያል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ያጠናው ፈተና ፖስታው ውስጥ በሌላ ወረቀት ላይ እንደነበረ ይሰማል። ተማሪ ሳለሁ በዚህ ስስቅ ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። አሁን ከፊት ቆሞ «ብዕር አስቀምጡ» የሚለው ሰው እኔ ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። አንዷን ማርክ የቀነስኩት ግን በዚህ አይደለም፤ መኪናዋ ብርቱካናማ ስለሆነች ነው። እኔ የማውቃት የሚስተር ቢን መኪና አረንጓዴ ናት፣ ኮፈኗ ጥቁር፣ በሯ በጓጉንቸር የሚቆለፍ።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው ነገር የተበላሸው። ልደቱ ነው። ብቻውን ምግብ ቤት ይገባና ካርድ አውጥቶ ለራሱ የልደት መልእክት ይጽፋል፤ ፖስታው ውስጥ ከቶ ያሽገዋል፤ ከዚያ ማን እንደላከለት የማያውቅ መስሎ ተደንቆ ይከፍተዋል። ያዘዘው ምግብ ሲመጣ የተፈጨ ጥሬ ሥጋ ሆኖ ያገኘዋል። አንድ ጊዜ ቀምሶ ፊቱ ይለዋወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ መደበቅ ነው፤ ስኳር ዕቃው ውስጥ፣ አበባው ውስጥ፣ ዳቦውን ፈልቅቆ፣ አጠገቡ ያለችው ሴት ቦርሳ ውስጥ ሳይቀር።

እዚህ ጋ ስልኩን አቁሜ ማርክ ልጽፍ ስል የመጣብኝ የአያቴ የእማማ ድምፅ ነው። «ደግ አደረገ!»

አጎቴ ያኔ ፒያሳ አካባቢ ራዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። እኛ ቴሌቪዥን አልነበረንም፤ የሰው ቴሌቪዥን ግን ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። የተጠገነ ዕቃ ሁሉ «ለሙከራ» ቤት ያድራል፣ ባለቤቱ ገንዘብ እስኪያገኝም ሙከራው ይቀጥላል። ሚስተር ቢን የመጣው እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ካሴት ነክሶ አልለቅም ያለ የቪዲዮ ዴክ አመጣ፤ አጎቴ ፈትቶ ካሴቱን ክሩ ሳይበጠስ አወጣው። ዴኩ ይሞከር ተባለ፤ ተሞከረ፤ መንደሩ በሙሉ መጥቶ ሞከረው።

እማማ ደግሞ ፊልም ዝም ብላ የምታይ ሰው አልነበረችም። የማን ልጅ ነው፣ አገሩ የት ነው፣ ምን ሠርቶ ይበላል ትላለች። ሚስተር ቢን አይናገርም፤ ቢናገርም የሚያጉረመርመውን እንግሊዞቹ ራሳቸው የሚለዩት አይመስለኝም። መግቢያው ላይ በብርሃን መሐል ከሰማይ ተወርውሮ መንገዱ ላይ ዱብ ሲል አየችና፣ ገና ምኑም ሳይጀመር፣ «ይሄ ሰውዬ ሰው የለውም እንዴ?» አለች።

«አለው እንጂ እማዬ» አለ አጎቴ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «እህቱ ጅዳ ናት።»

ሌላው ሁሉ ከዚህች ተወለደ። ሥራ የለውም፣ ታዲያ ምን ይበላል? እህቱ ትልክለታለች። ኮቱን ለምን አይቀይርም? የምትልክለትን ቤት ሊሠራበት እያጠራቀመ ነው። ያቺን ሰማያዊ ባለ ሦስት እግር መኪና ባገኘ ቁጥር ገፍቶ ከመንገድ የሚያስወጣት ምን አድርጋው ነው? የድንበር ጠብ ነው፤ ባለመኪናው፣ አባቱ የሞቱ ጊዜ መሬቱን ገፍቶበታል። የመጨረሻዋን እኔ ለዓመታት አምኛት ኖሬያለሁ። በኋላ ሰማያዊ ባጃጅ ደሴን ሲሞላት መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ መሬት ነጣቂ ነው። እንግሊዞቹ ጠቡ ከየት እንደመጣ አንድም ቀን አልነገሩንም፤ እኛ ቤት ግን ፋይሉ ተከፍቶ፣ ሽማግሌ ተቀምጦበት ነበር።

ሥጋው ሲመጣ አጎቴም ለአፍታ ተቸገረ። ክትፎ ቀርቦለት መደበቂያ የሚፈልግ ሰው የት አገር ታይቷል? በር ላይ ቆመው የሚያዩ ጎረቤታችን «ምነው ለእኛ በሰጠን!» አሉ። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ማን እንዳረደው አላወቀማ» አለ። እማማ ከመቁጠሪያዋ ቀና አለች። ያን ጊዜ ነው «ደግ አደረገ» ያለችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሚስተር ቢን የቤት ልጅ ሆነ፤ ሲመጣ «ቢስሚላህ፣ መጣ» ትላለች።

የገናው ክፍል ሲመጣ ታላቄ አጎቴን የምታጋልጥበት ቀን የደረሰ መሰላት። «እስላም ከሆነ ታዲያ ገናን ምን አድርጎ ያከብራል?» አለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «አባቱ ክርስቲያን፣ እናቱ እስላም» አለ አጎቴ። እማማ ታላቄን ገረመማት። ምን የሚጠየቅ ነገር አለው? እኛስ ምንድን ነን? እኛ ሰፈር ገና ሲሆን ክርስቲያኑ ለእስላም ጎረቤቱ ለብቻው ያሳርዳል፣ አቅም ካነሰውም ዳቦና ቡና አሰናድቶ ይጠራል፤ ኢድ ሲመጣ ተራው ይገለበጣል። ስለዚህ የሚስተር ቢን ሃይማኖት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተዘጋ። ለራሱ፣ ለአሻንጉሊቱ ድብና ለአይጧ ሦስት ካልሲ ሲሰቅል ደግሞ «ለአይጥ?» ብላ ደነገጠች። «ሶደቃ ነው» ተባለች። አሚን አለች።

አጎቴን የጣለችው ኢርማ ናት። ኢርማ የሚስተር ቢን የሴት ጓደኛ ናት፤ አጎቴ ግን እማማ ፊት ሳያገባት አብራው የምትውል ሴት እንዳለችው መናገር ስለከበደው ገና ስትመጣ «የአክስቱ ልጅ ናት» ብሎ ዘግቷል። ልጅቷ በጌጣጌጥ መደብሩ መስኮት ቀለበት ታሳየዋለች። እሱ መስኮቱ ላይ ያለውን የማስታወቂያ ሥዕል ገዝቶ ይሰጣታል። ስታዝን፣ ሌላም አለሽ ብሎ ትንሽዬ ሳጥን ያወጣል፤ ፊቷ ይበራል፣ ትከፍተዋለች፣ ውስጡ ሥዕሉ የሚሰቀልበት ማንጠልጠያ ነው። እያለቀሰች ትወጣለች።

የአክስት ልጅ በቀለበት ምክንያት ለምን ታለቅሳለች? ቤቱ ዝም አለ። አጎቴ ብያጁን ይዞ የቆመ ይመስል ነበር። በመጨረሻ፣ «ቀለበቱ የእሷ ነው፤ አስቀምጥልኝ ብላው ነበር። ሸጦባታል» አለ።

እማማ መቁጠሪያዋን አስቀመጠች። «እህቱ የምትልክለት አንሶት ነው?» አለች። መልስ የለም። «አደራ በላ!» አለች።

አለቀ። የቤት ልጅነቱ በዚያች ሌሊት ተሰረዘ። ካሴቱ በተደገመ ቁጥር ያን ቱርኪ የሚሉትን ትልቅ ዶሮ ራሱ ላይ አጥልቆ ሲደናበር እኛ እንንከባለላለን፣ እሷ «ይበለው» ትላለች። ስሙም ተቀየረ። «ያ አደራ በላ ዛሬ ምን አደረገ?» ነው ጥያቄው። አጎቴ ሌሎቹን ክፍሎች ከቪዲዮ ቤት እየተከራየ ሊያስታርቃቸው ብዙ ደክሟል። ከረጅሙ የዋና መዝለያ ላይ ፈርቶ ሲንጠለጠል «አየሽ፣ እየተቀጣ ነው» አላት፤ አልሰማችውም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የራራችለት። ትምህርት ቤት ሊጎበኝ ሄዶ፣ ወታደሮቹ በታንክ ትርኢት ሲያሳዩ አረንጓዴዋ መኪና ከሥሩ ገብታ እንደ ቂጣ ትሳሳለች። እማማ ታንክ በደጇ ሲያልፍ ያየች ሴት ናት። አልሳቀችም። ቆይታ ቆይታ፣ «ለአደራ በላም ቢሆን ታንክ በዝቷል» አለች። አጎቴ ለዚያ ክፍል ታሪክ አልፈጠረም።

እና እኔ አሁን ማርክ የምሰጠው ለየትኛው ነው? ጸሐፊዎቹ እነ ሮዋን አትኪንሰንና ሪቻርድ ከርቲስ ለጻፉት ወይስ አጎቴ ለጨመረው? አትኪንሰን ኦክስፎርድ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪውን የሠራ ሰው ነው፤ አጎቴም የኤሌክትሪክ ሰው ነበር፣ የእሱ ኦክስፎርድ ፒያሳ ነበር እንጂ። የአትኪንሰን ሚስተር ቢን ዘመድ የለውም፣ አገሩም አይታወቅም። የእኛው ግን እህት፣ መሬት፣ ጠላትና ያልተመለሰ አደራ ነበረው።

ከአጎቴ ጋር ያላየሁት ክፍል ላይ ልዩነቱ ይብሳል። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ግብዣው አለ አይደል? ሁለት እንግዳ ብቻ ይመጣሉ። ሚስተር ቢን ለመስተንግዶ የዛፍ ጭራሮ ቆርጦ ያቀርባል። እንግዶቹ ሲሰለቻቸው እሱ ኩሽና እያለ የግድግዳውን ሰዓት ወደፊት ይገፉና፣ እኩለ ሌሊት ሆነ ብለው ዘለው፣ ስመው፣ ከፊት ለፊት ጎረቤት ያለው ሞቅ ያለ ግብዣ ይገባሉ። እዚህ ቢሆን በረካውን ሳይጠጣ፣ ሳይመረቅ ማን ይነሣል? ሰዓት ቢገፉስ፣ ጀበናው ሰዓት ያያል? እኔም እንደ አጎቴ ልሞክር ብዬ «ለቅሶ ተነግሯቸው ነው» አልኩ፣ ብቻዬን፣ ለስልኩ። አልሆነም። ለቅሶ ቤት እየጨፈሩ አይገቡም። ደብተሩ ላይ 8 ጻፍኩ፣ ሰርዤ 6 አልኩ፣ ከዚያ ተውኩት።

ኮምቦልቻ ደወልኩለት። አሁን ጥገናውን ትቶታል፣ የስልክ ስክሪን አይወደውም። የሚስተር ቢን እህት ጅዳ ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቅሁት።

«የማን እህት?»

«የሚስተር ቢን!»

«ቻርሊን ነው የምትይኝ?»

«ቻርሊ አይደለም፣ አረንጓዴ መኪና ያለው!»

«እኔ እንጃ ልጄ፣ እኔ ዴኩን ነበር የማየው» አለኝ። ምሳ በልቼ እንደሆነ፣ መብራት አለ ወይ፣ ብርዱስ ብሎ ጠየቀኝ። «አብሽሪ» ብሎ ዘጋው።

ዴኩን ነበር የማየው! ያን ሁሉ ዘመድ ያፈራለት ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ። እማማም የለችም አትመሰክርልኝም፤ ታላቄ ደግሞ ስለዚህ ካነሣሁባት «አንቺ ባል የማታገቢው ለዚህ ነው» ትለኛለች፣ ምን እንደሚያገናኘው አላውቅም።

ትናንት ማታ የገናውን ክፍል ደግሜ አየሁት። ማርኩ ባዶ ስለነበረ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ኢርማ የአክስቱ ልጅ አለመሆኗን አውቃለሁ። ቀለበቱ የእሷ ሆኖ አያውቅም፤ ይሄንንም አውቃለሁ። ደግሞም ተዋንያን ናቸው፣ ከተሠራ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ይሁንና ሳጥኗን ከፍታ ማንጠልጠያውን ስታወጣ ሳላስበው «መልስላት እንግዲህ!» ብዬ ጮኽኩ። የጎረቤቴ ግድግዳ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። «ምንሽን ነው የወሰደብሽ? ልምጣ እንዴ?» ትላለች።

ምን ብዬ ልንገራት?