ጡንቻዬን ሊቆርጡት ነበር፤ ናሙና ግን አልወሰዱም

ምግብ ደረቴ ላይ እየቆመ ሲያስቸግረኝ አራት ዓመት ዝም አልኩ። ቀስ ብዬ አላምጣለሁ፣ በየጉርሻው ውሃ እጠጣለሁ፣ ከማዕድ ሁሌ መጨረሻ የምነሳው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እዚህ ቨርጂኒያ ሰርግ ላይ አክስቴ በጥብስ አጎረሰችኝ። መሃል ደረቴ ላይ ቀጥ አለ። ውሃ ብጠጣ ተመለሰ። ምራቄ እንኳ አልወርድ አለኝ። እጁን ሊታጠብ እንደሚሄድ ሰው ተነስቼ መታጠቢያ ቤት አንድ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነበረብኝ። ምራቅ አልወርድ ካለ አትጠብቁ።

ሐኪም ጋ ስቀርብ "ያንቀኛል" አልኩ። አስተርጓሚዋ ቃሉን እንዳለ አስተላለፈችው፤ ሐኪሙ ትንፋሽ የሚያጥረኝ መሰለው። ሁለት ወር የሳንባ ምርመራ ላይ አለቀ። እናንተ "ምግቡ እዚህ ጋ ይቆማል" በሉና በጣታችሁ አሳዩ።

ኢንሹራንሱና ሪፈራሉ ብዙም አላስቸገረኝም። ያቃጠለኝ ኢንዶስኮፒው ነው፤ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብተው የምግብ ቧንቧን የሚያዩበት ምርመራ። ከሰመመን ስነቃ ስፔሻሊስቱ "የምግብ ቧንቧህ ንጹህ ነው" አለኝ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ኢዮሲኖፊሊክ ኢሶፋጃይቲስ የሚባል የምግብ ቧንቧ እብጠት መኖሩን፣ ቧንቧው በዓይን ሲታይ ጤነኛ ሊመስል እንደሚችል ማን ነገረኝ? ኢዮሲኖፊል ከአለርጂ ጋር የሚበዛ የነጭ ደም ሴል ነው። የምግብ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ መገኘት የለበትም። መኖሩ የሚታወቀው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲቆጠር ነው፤ መስፈርቱ በአንድ እይታ 15 እና ከዚያ በላይ ነው። አንዱን ቦታ ይዞ ሌላውን ስለሚዘል ደግሞ ቢያንስ 6 ናሙና፣ ከላይም ከታችም መወሰድ አለበት። ከእኔ አንድም አልተወሰደም።

ምግቡ መቆሙን ስላላቆመ የቧንቧውን ግፊት ወደሚለካው ምርመራ፣ ወደ ማኖሜትሪ ላኩኝ። አፍንጫዬን በጄል አደንዝዘው ቀጭን ቱቦ እስከ ጨጓራዬ አወረዱ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ከዚያ ተኝቼ በሲሪንጅ ትንሽ ትንሽ ውሃ አፌ ውስጥ እያደረጉ "ዋጥ" ይሉኛል፤ አስር ጊዜ። ውጤቱ መጣ። ቧንቧው ከላይ ወደ ታች በተራ መጭመቅ ሲገባው ግፊቱ በአንዴ ከጫፍ ጫፍ ይነሳል፣ ወደ ጨጓራ የሚያስገባው የታችኛው በርም በደንብ አይከፈትም። "አካሌዥያ ሊሆን ይችላል" ተባልኩ፤ የቧንቧው ነርቭ ተጎድቶ በሩ አልከፈት የሚልበት በሽታ ነው። የበሩን ጡንቻ ስለመቁረጥ ማውራት ጀመሩ። ባለቤቴ ያን ሌሊት አልተኛችም።

ሌላ ሐኪም ጋ ሄድን። ወረቀቴን አገላብጣ መጀመሪያ የጠየቀችው "የናሙናው ውጤት የታለ?" ብላ ነው። አልነበረም። ኢንዶስኮፒው ተደገመ፤ ከ40 በላይ ተቆጠረ። ሴሎቹ የሚለቁት ነገር የቧንቧውን ጡንቻና ነርቭ እንደሚያውክ፣ ሲቆይም ጠባሳ እየሠራ ግድግዳውን እንደሚያደነድነው አስረዳችን። እብጠቱ ሳይታከም እንቅስቃሴውን ብቻ አይቶ ወደ ቢላ መሮጥ አይገባም አለች።

እብጠቱን የሚቀንስ ስቴሮይድ፣ ቡዴሶናይድ አዘዘችልኝ። ከማር ጋር አወፍሬ ቀስ ብዬ እውጠዋለሁ፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ምግብም ውሃም የለም። ከ12 ሳምንት በኋላ ማኖሜትሪው ሲደገም በሩ ተከፍቷል። የቧንቧው መጭመቅ ግን አሁንም ደከም ያለ ነው። ሁሉም ሰው እንደኔ ይሻለዋል አልልም፤ እውነተኛ አካሌዥያ ያለበትም አለ። ግን ናሙና ሳይታይ ቀዶ ጥገና ቢሉኝ አሁን ተነስቼ እሄዳለሁ።

ሆስፒታሉ የሰጠኝ ወረቀት ላይ "በደንብ አላምጡ፣ ውሃ ያዙ" ይላል። ለማዕዱ ልክ ነው፤ ሐኪም ፊት ግን እንደ ድል አትናገሩት። እኔ "ቀስ ብዬ ስበላ ደህና ነኝ" እያልኩ አራት ዓመት በሽታውን ሸፈንኩለት። በዚህ ራሴን ይቅር አላልኩም።

በዐቢይ ጾም ይሻለኝ እንደነበርም አሁን ነው ያስተዋልኩት። ወተትና ቅቤ ነበር ማለት ነው? ወተት ዋነኛ ቀስቃሽ ከሚባሉት ነው፤ ስንዴም ይከተለዋል። ከሱቅ የምንገዛው እንጀራ ጤፍ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ጀርባውን ሳነበው ስንዴ አለበት። በሚቀጥለው ወር ወተት አቁሜ ናሙናው ይደገማል። አክስቴ ደግሞ ጉርሻዋን ማሳነስ ጀምራለች።