በአየርላንድ የእንጨት መናጫ ቅቤ እንዴት እንዳወጣሁ

የድሮው የአየርላንድ ገበሬ መናጫ ከእንጨት የተሠራ ረጅም በርሜል ነው። በክዳኑ ቀዳዳ ዘንግ ይገባል፤ ከዘንጉ ጫፍ የተበሳሳ ክብ እንጨት አለ። እንደ ቅላችን አይወዘወዝም፣ ዘንጉ ነው ሽቅብ ቁልቁል የሚሄደው።

20 ሊትር የኬሪ (የአየርላንድ ዝርያ) ላም ወተት በሰፋፊ ገበታ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ 24 ሰዓት አሳድሬ የሰፈፈውን ክሬም ገፈፍሁ፤ ኮምጠጥ እስኪል 2 ቀን አቆየሁት። መጀመሪያ ጊዜ ልንጥ ስል ትኩስ ክሬም ጨመርሁበት፤ ስህተት ነበር። ያልኮመጠጠው ዘግይቶ ስለሚናጥ ቅባቱ ከአሬራው ጋር ይሄዳል። የመጨረሻው ክሬም 12 ሰዓት ቀድሞ ይቀላቀል።

መናጫው በፈላ ውሃ ታጥቦ በቀዝቃዛ ይለቅለቅ፤ ደረቅ እንጨት ላይ ቅቤ ይጣበቃል። (እኛ በወይራ እናጥናለን፣ እነሱ በፈላ ውሃ ይገላገላሉ።) ከግማሽ በላይ አይሞላ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሙቀቱ ነው፤ 14 ዲግሪ ገደማ ይሁን። በ9 ዲግሪ ስንጥ አረፋ ብቻ ነፍቶ ቀረ፤ መናጫውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማቆም አዳነው። በ20 ዲግሪ ቶሎ ወጣ፣ ግን ነጭና ልፍስፍስ ሆነ።

በደቂቃ 50 ምት ገደማ፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ። ድምፁ ሲለወጥና የቅቤው ፍሬ ስንዴ ሲያክል ይቁም፤ ከዚያ ካለፈ አሬራውን ውስጡ ይዞ ይጋገራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ፣ ለኪሎ 20 ግራም ጨው ጨምሬ በእንጨት ማንኪያ ጨመቅሁት፤ እጅ ያቀልጠዋል። 800 ግራም ገደማ ወጣ።

የድሮው ልማድ ከዚህ ሥራ አይነጠልም ነበር። ሲናጥ የደረሰ እንግዳ «ሥራውን ይባርክ» ብሎ ዘንጉን ጥቂት ሳይመታ አይወጣም ነበር። የደከመ ክንድ ምቱን ስለሚያዘገይ ጥቅሙ ዘንጉን ስትይዙ ይገባችኋል። ሲናጥ ከቤት እሳት አይወጣም ነበር፣ የተለኮሰ ፒፓም ቢሆን። ሜይ 1 (ሚያዝያ 23) ወተት፣ ቅቤ፣ ጨው፣ እሳት ለጎረቤት አይሰጥም ነበር፤ ደጃፍ ላይ ቢጫ አበባ ይበተን፣ መናጫው ላይ ሮዋን የሚባል ዛፍ ቅርንጫፍ ይታሰር ነበር። የሚፈራው ቅቤን በድግምት የሚወስድ ጎረቤት ነበር፤ ከእኛ ቡዳ ብዙም አይርቅም።

አሬራው እንጂ ቅቤው አልወጣ ሲል ሌባ የሚፈለገው ያኔ ነበር። እኔ መጀመሪያ የማየው ላሟን ነው፦ ከወለደች የቆየች ላም ወተት ቅባቱ ደቃቅ ስለሚሆን አይያያዝም። በቅርብ የወለደች ላም ወተት፣ እንገሩ ካለፈ በኋላ፣ ይቀላቀልበት።