መጥቅዕ 18

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ማታ ነው፣ ከደብረ ብርሃን። ብርዱን ታውቁታላችሁ። ዶሮው ከተጣደ ቆይቷል፤ እኔም ሽታውን ሽሽት ጋቢዬን ተከናንቤ በረንዳ ላይ ወጥቻለሁ። ሰው 55 ቀን ጾሞ በመጨረሻዋ ሰዓት ይፈተናል እንዴ?

ልጅ ሳለሁ ፋሲካን የማሳልፈው መንዝ፣ አያቴ ዘንድ ነበር። መሪጌታ ነበሩ። "አባባ፣ የዘንድሮ ፋሲካ መቼ ነው?" ስላቸው ካላንደር አያዩም። አውራ ጣታቸውን በጣታቸው አንጓዎች ላይ እያስኬዱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆዩና ቀኑን ይነግሩኛል። ያኔ ትንቢት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሒሳብ ነው። ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት ስሌት።

የዘንድሮውን አብረን እንሥራው። 2018 ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረውን 5500 ዓመት ስትደምሩ 7518 ይመጣል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ 12፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ19 አባዙትና በ30 ግደፉት፣ ማለትም 30 30ውን ጣሉለት፤ 18 ይቀራል። መጥቅዕ ማለት እሱ ነው። መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ ደግሞ 7 ነው። ድምሩ 25። ነነዌ ጥር 25 ገባች። የፋሲካን ተውሳክ 9 ጨምሩበት፣ 34። 30ውን ግደፉት፣ 4። ሚያዝያ 4! ነገ ማለት ነው።

ስሌቱ የተገለጠው ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ነው ይባላል፤ ሌሊት 23 ሱባኤ፣ ቀን 7 ሱባኤ ገብቶ። እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። 23 ሱባኤ 161 ቀን ነው፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይቀራል። 7 ሱባኤ 49 ነው፤ 19 ይቀራል። ወንበሩ የሚባዛው በእነዚሁ ነው፤ ለአበቅቴ (የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት ለሚቆጠርበት ቁጥር) በ11፣ ለመጥቅዕ በ19። የጾመበት ቀን ራሱ ማባዣ ሆነ።

ታዲያ ጎረምሳ ሳለሁ አንድ ጥያቄ ጠይቄ "አትመራመር! ዝም ብለህ እመን" ስባል ግራ ገባኝ። ጥቅስም ተጠቀሰልኝ፤ ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸው። ለአያቴ ስነግራቸው "ከፍ ብሎ ያለውን አንብበው" አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

አነበብኩት። ቶማስ ካልዳሰስኩ አላምንም ብሏል። ጌታም በስምንተኛው ቀን፣ በሩ እንደተዘጋ መጣና ጣትህን አምጣ አለው። አልተቆጣውም፣ አላባረረውም። ቁስሉን አሳየው። ያቺ ጥቅስ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን እሷን ብቻ ይዘን ሰው እናስደነግጣለን።

የዚህች ከተማ ስምም ቢሆን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰማይ አዩት ከተባለው ብርሃን የመጣ ነው። ሃሌ የምትባለው ጅራታም ኮከብ ሳትሆን አትቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። አያቴ በሕይወት ቢኖሩ "ብትሆንስ፣ ማን ላካት?" ይሉ ነበር። ደግሞም የምትመለስበትን ዓመት ካላሰላሁ ብለው እንቅልፍ ያጣሉ።

እርግጥ ነው፣ ሒሳቡ ሚያዝያ 4 ድረስ ያመጣኛል እንጂ መቃብሩ ባዶ መሆኑን አያሳየኝም። እዚያ ላይ እኔም እንደ ቶማስ እጄን ዘርግቼ የቆምኩባቸው ዓመታት ነበሩ። አሁንም አንዳንድ ሌሊት እቆማለሁ።

ደወሉ ተደወለ። ነጠላዬን ላንሳ፣ ጧፍም አልገዛሁም። መልካም በዓል!